የሕዝብ አመኔታ ከመርፌው ይቅደም

ማናቸውም ማኅበራዊ ክስተት ያለ ምክንያት አይፈጠርም። በክትባት ላይ የሚታየው ጥርጣሬም እንዲሁ ነው። በቦንጋ ከተማም ሆነ በዴቻ፣ በጨና፣ በጌሻና በሳይለም ገጠሮች አንዲት እናት ልጇን ለማስከተብ ስታመነታ «አልነቃችም» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኛ ግን ይህ ፍርድ የችግሩን ሥር የሚሸፍን እንጂ የሚነቅል አይደለም እንላለን።

ሥሩ በታሪክ ውስጥ ይገኛል። የካፋ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. በተከፈተበት ዘመቻ ከወደቀ በኋላ የአካባቢው ገበሬ ከሩቅ የመጣን ሹም የሚያውቀው በግብር ሰብሳቢነት፣ በመሬት ነጣቂነትና በባሪያ ፈንጋይነት ነበር። በኋላም ቤት ለቤት የሚቆጥር መዝገብ ለግብርና ለውትድርና ምልመላ አገልግሏል። እንዲህ ያለውን ዘመን ያሳለፈ ሕዝብ ልጆቹን ሊመዘግብ የመጣን እንግዳ ሁሉ በጥርጣሬ ቢያይ አያስደንቅም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚባለው በከንቱ አይደለም።

በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻም ይህንኑ ያስተምረናል። በመጀመሪያው ዓመት በአገራችን ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ሆኖም በደጋው አገር ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ምክንያቱስ? ሕዝቡ ከታማሚ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን የመክተብ የቆየ ልማድ ነበረው፤ በወቅቱ የነበረው የፈንጣጣ ዓይነትም ከመቶ ሕሙማን አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሚገድል ነበር። ልማዱ በሽታውን የማዛመት አደጋ ቢኖረውም፣ ተቃውሞው ግን የራሱ ስሌት ነበረው። ድሉ የተገኘው በዘለፋ ሳይሆን በየመንደሩ በእግር በተጓዙ፣ ሕሙማንን ፈልገው በዙሪያቸው ያሉትን በከተቡ ሠራተኞች ድካም ነው። የመጨረሻው የአገራችን ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ኤል ከሬ በዲሞ መንደር ተገኘ።

አመኔታ ሲጎድል ጉዳቱ ድንበር አያግደውም። በ1988 ዓ.ም. በናይጄሪያ ካኖ አንድ የውጭ መድኃኒት ኩባንያ የማጅራት ገትር በያዛቸው ሕፃናት ላይ መድኃኒት ሞከረ፤ የወላጆች ፈቃድ በአግባቡ አልተጠየቀም የሚል ክስም ተነሣ። ቂሙ ሳይሽር፣ በ1995 ዓ.ም. ማብቂያ የፖሊዮ ክትባት መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ተዛምቶ ክትባቱ በዚያው ተቋረጠ። ቫይረሱም በሱዳን በኩል አገራችን ድረስ ዘለቀ።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ሁሉ የትናንት ውርስ አይደለም፤ ዛሬም በእጃችን ይዘራል። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለ20 ሕፃናት የሚበቃ ሲሆን፣ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ስለሆነም ጥቂት እናቶች ሲመጡ እንዳይባክን በሚል «ሌላ ቀን ኑ» ተብለው የሚመለሱበት ጊዜ አለ። ሕፃን አዝላ በጭቃና በዝናብ ሰዓታት የተጓዘች እናት ከዚህ የምትማረው የክትባቱን ጥቅም ሳይሆን የራሷን መናቅ ነው። ለረዥም ዘመን በመገለል የኖሩት የማንጆ ወገኖቻችን ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የከበደ ነው። በጎረቤቱ ማዕድ እንዳይቀመጥ የተደረገ ሰው የጎረቤቱን መርፌ እንዲያምን ይጠበቃልን?

ይህን ስንል ወሬ ነዢዎችን ነጻ ማውጣታችን አይደለም። ክትባት መካን ያደርጋል የሚለው ሐሰት ነው፤ ሐሰቱን የሚከፍሉት ግን ሕፃናት ናቸው። ኩፍኝ ያልተከተበን ሕፃን ሲያገኝ የወላጁን የታሪክ ቁስል አይጠይቅም።

ከዚህ አንጻር ተግባራችን ግልጽ ነው። ብልቃጡ ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ይከፈት። ከክትባት በኋላ ትኩሳትና እብጠት ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ ይነገር፤ የተደበቀ እውነት ለወሬ ስንቅ ይሆናልና። ትምህርቱ በካፊኖኖ ይሰጥ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከማስተማራቸው በፊት ያዳምጡ፤ የማንጆ ሽማግሌዎችም ከሌሎች እኩል ይመከሩ። ከሩቅ የመጣ ሰው ሊወስድ ሳይሆን ሊሰጥ እንደመጣ ሕዝቡ በዓይኑ ማየት አለበት። አመኔታን በዐዋጅ ማስገኘት አይቻልም፤ በየዕለቱ ሥራ ይገነባል እንጂ!