ጥቁር ጉድጓድ ሲገነፍል ማን ነቅቶ ያያል?

ጥቁር ጉድጓድ ሁሉን ይውጣል ሲባል ግማሹ እውነት ብቻ ይነገራል። ወደ ውስጥ የገባ አይመለስም፤ ከአፋፉ ላይ ግን ብዙ ነገር ወደ ውጭ ይወረወራል። ይህን ለማየት በሰዓቱ መገኘት ግድ ነው።

ከምድር 7,800 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀውን ቪ404 ሲግኒን እንመልከት። የፀሐይን ዘጠኝ እጥፍ ያህል የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድና አንዲት ኮከብ በ6.5 ቀን አንድ ጊዜ ይዞራሉ። ከኮከቧ የሚሳበው ጋዝ በቀጥታ አይወድቅም፤ እየተሽከረከረ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ለዓመታት ይከማቻል። ክምችቱ ሲበዛ ይሞቃል፤ የሃይድሮጂን አተሞች ኤሌክትሮናቸውን ይለቃሉ፤ ጋዙም ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ግንፈላ ያልነው ይህንን ነው። ያን ጊዜ ከጋዙ ከፊሉ በመግነጢሳዊ መስክ ተይዞ፣ ከብርሃን ፍጥነት ጋር በሚነጻጸር ፍጥነት፣ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይፈተለካል፤ ጄት ይባላል። ጉልበቱ የሚገኘው ከጥቁር ጉድጓዱ ሽክርክሪት ነው ወይስ ከጋዙ ዝርግ? ብላንድፎርድና ዝናዬክ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን፣ ብላንድፎርድና ፔይን በ1982 ሁለተኛውን መንገድ አሳይተዋል፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ሊዘጋ የሚችለው በትክክለኛው ቀን በሚደረግ ምልከታ ነው። የኤክስሬይ ጨረሩ ጠንካራ ሳለ ጄቱ ሳያቋርጥ ይፈስሳል፤ ጨረሩ ሲለዝብ ይጠፋል፤ በሽግግሩ ላይ ነጠላ ጉርሻዎች ይወረወራሉ። ሽግግሩ በቀናት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ቪ404 ሲግኒ ከ1989 በኋላ 26 ዓመት ዝም ብሎ በጁን 2015 ተነሣ፤ በሁለት ሳምንት ገደማም በረደ። ጄቱ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ አቅጣጫውን ይለዋውጥ እንደነበር በ2019 የታተመ የራዲዮ ጥናት አስረድቷል።

ይህ የታላላቅ አገሮች ሥራ ነው የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። በ2018 ማክሲ ጄ1820+070 የተባለውን ጥንድ አስቀድመው ያዩት 14 ሳንቲ ሜትር ሌንስ ያላቸው የምድር ላይ ቴሌስኮፖች ናቸው፤ ኤክስሬዩ የተያዘው ከቀናት በኋላ ነበር። እንጦጦ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት አላቸው። ጃፓን ነግቶ ቺሊ ሳይመሽ የእኛ ሰማይ ጨለማ ነው። (ክረምታችን ደመናማ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ግንፈላ ግን በኅዳርም ይመጣል።) ስለዚህ የምልከታ ጊዜ ሲደለደል፣ ጥሪ በደረሰ ሌሊት መደበኛውን መርሐ ግብር ማን እንደሚያቋርጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን፤ ተማሪዎቻችንም በተራ ጥበቃው ላይ ይመደቡ።