ባሕር የሌላት አገር በባሕር ዳርቻ ዋጋ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የውጭ አገር ዜጎች በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል። መነሻው 150 ሺሕ የአሜሪካ ዶላር ነው። አዋጁ እንደወጣ ሁለት ጎራ ተፈጠረ፤ አንዱ «ሉዓላዊነት ተሸጠ» ሲል ሌላው «የውጭ ምንዛሪ ሊጎርፍልን ነው» አለ። በእኔ አመለካከት ሁለቱም ዋናውን ነገር ስተውታል።

ስለ ሉዓላዊነት የሚነሣው ክርክር ከሕጉ ጋር አይገጥምም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 390 መሠረት የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን አይችልም ነበር፤ በእጁ ከተገኘም ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዝ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ጥያቄው በአመዛኙ ትርጉሙን አጣ፤ ዜጋውም ራሱ ባለመሬት አልነበረምና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አጸናው። ስለዚህ እንግዳው የሚገዛው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም፤ በሊዝ ይዞታ ላይ ያረፈ ግንብ ነው። ጎረቤታችን ኬንያም በ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 65 ለውጭ ዜጋ ከ99 ዓመት የማይበልጥ ሊዝ ብቻ ትፈቅዳለች። ማሊንዲ ላይ ቪላ ያለው ጣሊያናዊም ቢሆን ከዚህ ውጭ አይደለም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የማሊንዲና የዛንዚባር እንግዳ የሚገዛው አሸዋውንና ፀሐዩን ነው፤ ገበያው በጠረፍ ይወሰናል፤ የናይሮቢ ሠራተኛ በባሕር ዳርቻ ቪላ ምክንያት ወዲያው ከቤቱ አይፈናቀልም። እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ጠረፍ የለንም። እንግዲህ በዶላር ቤት የሚሻው እንግዳ የት ይሄዳል? ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ጥቂቱ ይሄድ ይሆናል። የቀረው ግን የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ወደሆነችው አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ ቦሌ ነው። ሩዋንዳ የሚባለው ሠፈር በኤምባሲ ስም መጠራቱ በራሱ ብዙ ይናገራል። በዚያ የሚቆሙት ፎቆች ለማን እንደሚታሰቡ ለማወቅ ዋጋቸውን መጠየቅ ይበቃል፤ ሻጩ ብዙ ጊዜ በብር ጀምሮ በዶላር ይጨርሳል።

ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ተተምኖ ከእጥፍ በላይ ረክሷል። 150 ሺሕ ዶላር ዛሬ ከ20 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዙን ለሠላሳ ዓመት ሳይነካ ቢያስቀምጥ ይህን አይደርስበትም። ለእንግዳው ዝቅተኛ መነሻ የሆነው ለዜጋው የማይደረስ ጣራ ሆነ ማለት ነው። አልሚውም ሞኝ አይደለም፤ ቀጣዩን ፎቅ የሚነድፈው ለዚያ ዶላር እንጂ ለመምህሩ አይሆንም።

መንደርደሪያ ያደረግናቸው አገሮች ግን ወደ ኋላ እየተመለሱ ነው። ስፔን በ500 ሺሕ ዩሮ ቤት ለገዛ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠውን አሠራር በሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ.) አቋርጣለች፤ ከዚያ በፊት በማዮርካ ነዋሪው «መኖሪያ አጣን» ብሎ አደባባይ ወጥቶ ነበር። ፖርቱጋል በ2023 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ መንገድ ለቤት ገዢዎች ዘግታለች። ሲንጋፖር በዚያው ዓመት ከውጭ ገዢ የምትወስደውን ተጨማሪ ቀረጥ 60 በመቶ አድርሳለች። ዱባይ ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተወሰኑ አካባቢዎች ለእንግዳ በሯን ከፈተች፤ የእኛም ባለሀብቶች እዚያ ይገዛሉ። (ዶላሩን ከየት እንዳመጡት የሚጠይቃቸው ግን አላየሁም።) ዱባይ የፈቀደችው ለራሷ ተወላጆች የቤት አቅርቦት አስባ ነው፤ እኛ ግን ያን ክፍል ዘለልነው።

አዋጁ ይሻር አልልም። እንግዳው የሚገዛው አዲስ የተሠራን ቤት ብቻ ይሁን፤ ከግዢው የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለኪራይ ቤቶች ግንባታ ይመደብ፤ ምን ያህል ቤት፣ በየትኛው ወረዳ፣ ለየትኛው አገር ዜጋ እንደተሸጠም በየዓመቱ ይታወጅ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ተከራይን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ውል ያስይዛል፤ የኪራይ ጭማሪንም ይገድባል። የሩዋንዳ አፓርትመንት በሌሊት ሒሳብ ለእንግዳ ሲከራይ ግን ይህ አዋጅ የሚጠብቀው ማንን ነው? ለዚህ ጥያቄ የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር መልስ ሊሰጥ ይገባል፤ የመጀመሪያው የባለቤትነት ማረጋገጫ ለባለ ዶላሩ ተሰጥቶ ሳያበቃ።