ከመድረሻው ይጀመር

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች በኬሚስትሪ ነገር መግባታችን «ምን አገባችሁ» ሊያሰኝ ይችላል። ዳሩ ግን የሳይንስ ጓደኞቻችን ሌሊቱን ሙሉ እንደ ዳዊት ሲደግሙ እንቅልፍ የምናጣው እኛም ነን። የሚደግሙትም «አልኮል በሰልፈሪክ አሲድ ሲሞቅ ውሃ ይወጣል፣ አልኪን ይገኛል» የሚለውን ነው።

ለኤታኖል እውነት ነው፤ በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ኤቲሊን ይሰጣል። በ140 ገደማ ግን ከዚያው አልኮልና ከዚያው አሲድ የሚገኘው ኤተር ነው!

ቡታኖል ላይ ሲደረስ ደግሞ ሽምደዳው ጭራሹን ይከዳል። የተፈለገው ድርብ ትስስሩ ጫፍ ላይ ያለው 1-ቡቲን ነው እንበል። 1-ቡታኖልን በአሲድ ቢያሞቁት በመካከሉ አንድ ሃይድሮጅን ቦታውን ይለውጥና የሚበዛው 2-ቡቲን ይሆናል፤ ድርብ ትስስሩ መሐል ይገባል። ሩስያዊው ዛይትሴፍ እ.ኤ.አ. በ1875 ያወጣው ደንብም ወደዚያው ያመለክታል። ስለዚህ ከተፈለገው ነገር ተነሥቶ ወደ ኋላ ማሰብ ግድ ነው። 1-ቡቲን ከ1-ብሮሞቡቴን በፖታሲየም ተርት-ቡቶክሳይድ ይገኛል፤ 1-ብሮሞቡቴንም ከ1-ቡታኖል በፎስፎረስ ትራይብሮማይድ ይሠራል። መንገዱ ሁለት እርምጃ ነው፤ ግን ካሰቡት ያደርሳል።

ጓደኞቻችን በፈተና የሚጠየቁት «የዛይትሴፍን ደንብ ጻፍ» ተብለው ነው። ጽፈው ያልፋሉ፤ በማግስቱም ይረሱታል። መምህራኖቻችን የሚፈለገውን አልኪን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጽፈው «ከየትኛው አልኮል፣ በየት በኩል?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይጎዳሉ? እርማቱ ጊዜ ይፈጃል ይባል ይሆናል። ይፍጅ እንጂ!