ሥልጠናው በስንት ሰዓት ነው?



በሠራተኛ ጉዳይ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት የቢሮዬ በር ላይ ያለው ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ተለውጧል። ስቀጠር «የሠራተኛ አስተዳደር» ይል ነበር፤ ቆይቶ «የሰው ኃይል» ተባለ፤ አሁን «የሰው ሀብት» ሆኗል። ከበሩ ጀርባ የተቀመጥነው ምን ያህል እንደተለወጥን ፍርዱን ለሠራተኛው እተዋለሁ።

ሥራው ግን በእርግጥ ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር «ለወጣቶች ነው» ያልን ብዙ ነበርን። በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ ሲባል፣ ጥሬ ብር ይቆጥር የነበረው ነዳጅ ቀጂ በአንድ ጊዜ የስልክ መልእክት አረጋጋጭ ሆነ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተው አዋጅ ጸደቀ። በባንክ የሚሠራ የቤተሰብ አባል ያላችሁ፣ ማታ ራት ላይ ምን እንደሚወራ ታውቁታላችሁ። «ማሽኑ ሲመጣ እኛን ምን ያደርጉናል?» የሚለው ጥያቄ ከአለቃ ጆሮ በፊት የሚደርሰው ከትዳር ጓደኛ ጆሮ ነው።

በዚህ መሐል ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ የሕግ ነጥብ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛው አሠሪው ያዘጋጀለትን የችሎታ ማሻሻያ ሥልጠና ለመውሰድ ፈቃደኛ ባለመሆኑ፣ ወይም ሠልጥኖም አስፈላጊውን ችሎታ ባለማግኘቱ ሥራውን መቀጠል ካልቻለ፣ አሠሪው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሰው እንኳ ማስጠንቀቂያው የሦስት ወር ነው። በሠራተኛ ቅነሳ ጊዜም እንዲቆይ ቅድሚያ የሚሰጠው ችሎታና የተሻለ የሥራ ውጤት ላለው ነው። «የማስተዳድረው ቤተሰብ አለኝ» የሚለው የሚታየው ሠራተኞቹ በችሎታና በውጤት እኩል ሲሆኑ ነው።

እንግዲህ «ፈቃደኛ አይደለም» የሚለው ቃል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት የነበረ አንድ የግል ድርጅት የመዝገብ ቤቱን ፋይሎች ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ወሰነ። ሥልጠናው ከሥራ መውጫ በኋላ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እንዲሆን ተደረገ። ምክንያቱ «ሥራ እንዳይበደል» ነው። በመዝገብ ቤቱ ለረጅም ዓመታት የሠሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ አንዲት እናት ሦስት ቀን ቀሩ። የቅርብ አለቃቸው ቅጹ ላይ «ለሥልጠና ፈቃደኛ አይደሉም» ብሎ ጽፎ ወደ እኔ ላከው።

አስጠርቼ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ኮምፒዩተሩን አልፈራሁትም፤ ሰዓቱ ነው ያቃተኝ» አሉኝ። ቤት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናት አሏቸው። የምታግዛቸው ልጅ የማታ ተማሪ ናት፤ 12 ሰዓት ሳይሞላ መውጣት አለባት። ይህን ለአለቃቸው ነግረውት እንደሆነ ስጠይቃቸው «ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ሥልጠናው ወደ ጠዋት 4 ሰዓት እንዲዛወር፣ ሠራተኛውም በሁለት ተከፍሎ እንዲገባ ሐሳብ አቀረብኩ። ቀላል ክርክር አልነበረም። በሁለት ሳምንት ያልቃል የተባለው አምስት ሳምንት ፈጀ፤ ኃላፊዎቹም አልተደሰቱም። ግን ሴትዮዋ መጡ። በሁለተኛው ሳምንት ላይ አሠልጣኙን ወጣት አስቆሙትና «ኃይሉን በየትኛው ሀ ነው የምትጽፈው?» አሉት። ልጁ ግራ ገባው። እሳቸው ፋይሎቹን እያወጡ አሳዩት፦ አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብለው የጻፉት አንድ ሰው ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ሲጨመሩበት ደግሞ ጣጣውን አስቡት። ፕሮግራሙ እንዲስተካከል ተደረገ። ያን ቅጽ ዝም ብዬ ፈርሜበት ቢሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ባልተገኘ ነበር።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህንኑ ነው። አዲስ አሠራር ሲመጣ ስለ ማሽኑ ዋጋ ከምንነጋገርበት ሰዓት ጥቂቱን ስለ ሠራተኛው ሰዓት እንነጋገርበት። ሥልጠና ሥራ ከሆነ በሥራ ሰዓት ይሰጥ። ወሬው ካፊቴሪያ ሳይደርስ የትኛው ተግባር እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚቀጥል በግልጽ ይነገር። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባል የለ? ወጣቱን ከነባሩ ጋር ማቀናጀት ደግሞ ምንም በጀት አይጠይቅም። አንዱ ቁልፉን መጫን ያውቃል፤ ሌላው ምን መጻፍ እንዳለበት ያውቃል። «ዕድሜው የገፋ አይማርም» የሚለውን አባባል ግን እኔ አልቀበልም። አብዛኛውን ጊዜ ያልተማረው አስተማሪው ስለሚቸኩል ነው።

እናንተ በቤት ያላችሁም ድርሻ አላችሁ። ባለቤታችሁ ወይም እናታችሁ በማይመች ሰዓት ሥልጠና ከተጠሩ፣ በቃል ነግረው ወይም ዝም ብለው እንዳይቀሩ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። ሥልጠናውን እንደሚፈልጉ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ በተባለው ሰዓት መገኘት ያልቻሉበትን ምክንያት፣ ቀጥሎም የሚመቿቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓቶች። ቀን ይኑረው። አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው፣ ሌላው ላይ የገቢ ማኅተም አስመትተው ቤት ያስቀምጡት፤ ከልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ጋር በአንድ ፋይል ቢሆን አይጠፋም።