የሐረር ጭልፊትና የበረራ ተማሪ

በሐረር ጀጎል በሥጋ ተራ በኩል ያለፈ እንግዳ ሁሉ ጭልፊቱን ሳያስተውል አይቀርም። ከጣራ ጫፍ ሆኖ ያደባል፤ ሥጋ የያዘ እጅ ባየ ጊዜ ተወርውሮ ይነጥቃል። ሌሊት ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ትራፊውን ይለቅማል፤ ቀን ደግሞ ተራው የጭልፊት ነው። ሁለቱም ለከተማው ደመወዝ የማይጠይቁ ጠራጊዎች ናቸው።

ነገር ግን ይኸው ጭልፊት በአይሮፕላን ሜዳ አጠገብ ትራፊ ያገኘ እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል። ክብደቱ 800 ግራም ያህል ቢሆን ነው። ሆኖም በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የምትበር ትንሽ የመለማመጃ አይሮፕላን ስትጋጨው፣ ምቱ 5 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ከ25 ሜትር ከፍታ ወድቆ እንደ መታት ያህል ይሆናል። ፍጥነቷ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ምቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

የትልልቆቹ የመንገደኛ አይሮፕላኖች የፊት መስታወት 1.8 ኪሎ የሚመዝን ወፍ ቢመታው እንዳይበሳ ሆኖ ይሠራል፤ ትንሿ ግን ይህ ግዴታ የለባትም፤ መስታወት የምንለውም ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። በዚያ ላይ ተማሪው መነሣትና ማረፍን ደጋግሞ የሚለማመደው በዝቅታ፣ ወፎች በሚበዙበት ከፍታ ነው።

ትልቁም ቢሆን ሁልጊዜ አይድንም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ለተማሪው ምክሩ አጭር ነው። ወፍ ሲደነግጥ አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል ይወረወራልና፣ ፍጥነት ሳያጎድሉ በዝግታ ሽቅብ ማለት ይሻላል። መስታወቱ ቢሰበር እንኳ ከሁሉ በፊት አይሮፕላኑን ማብረር ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

በምድር ላለነውስ? ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ቆሻሻ መጣያ ከአይሮፕላን ማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ይመክራል። የሐረር መንገደኛ የሚሳፈርበት የድሬዳዋ ማረፊያ በመንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና፣ በሥጋ ተራው ጭልፊት ላይ ክስ የለንም። የእርድ ትራፊ ከማረፊያ አጠገብ የሚጥል ሰው ግን ወፍ እየጠራ መሆኑን ይወቅ። ጭልፊቱ ምን አጠፋ? የሄደው ወደ ተጠራበት ነው።