ጣና ለደጋ ልጆች

ለደብረ ማርቆስ ልጅ «ባሕር» ማለት ጣና ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጋቢ ደርቦ ያደገ ሕፃን ዘንባባ የተሰለፈባት ባሕር ዳር ሲደርስ ሹራቡን የሚያወልቀው ከአውቶቡስ ሳይወርድ ነው። ታዲያ ወላጆች ሆቴል ግቢ ውስጥ ለምን ያውሉታል? በጀልባ ወደ ሐይቁ ገዳማት ያሻግሩት እንጂ! ብቻ ሳይነሱ ይጠይቁ፤ ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም። እናትና ሴት ልጅ ጀልባው ላይ ቀርተው አባትና ወንድ ልጅ ሲሳለሙ ማየት (ሥርዓቱን አከብራለሁ) ለቤተሰብ ጉዞ አይሆንም። የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉንም ይቀበላል፤ መንገዱ በቡና ጥላ ሥር ያልፋል፣ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕልም ፊደል ላልቆጠረ ልጅ ሳይቀር ይተርካል። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በበጋ አልመክርም፤ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ገደሉ ባዶውን ሊጠብቃችሁ ይችላል። ለመስከረም አቆዩት።