ጣና ላይ የጎደለ ሒሳብ

የማንኛውም ጉዞ የመጨረሻዋ ሙሉ ቀን ከሌሎቹ ቀናት ትለያለች። የመጀመሪያዋ የጉጉት ናት፤ የመካከሎቹ የድካም ናቸው፤ የመመለሻዋ ቀን ደግሞ ሻንጣ በማሰርና ሰዓት በማየት ስለምታልቅ ከጉዞው አትቆጠርም። የመጨረሻዋ ሙሉ ቀን ግን የሒሳብ መዝጊያ ናት። እኔ ባንክ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ዘወትር ማታ ደንበኛ ከተሸኘ በኋላ ገቢና ወጪዬን አመሳክራለሁ፤ የአሥር ብር ጉድለት እንኳ ብትገኝ ምንጯ ሳይታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር ጣና ላይ ያደረግነውን የአምስት ቀን የጀልባ ጉዞ በአራተኛው ቀን ምሽት እንዲሁ ሒሳቡን ልዝጋ ብዬ ብቀመጥ፣ አንድ ትልቅ ጉድለት አገኘሁ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጉድለት ነው። ጉድለቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አምናለሁና ለአንባቢ ላካፍለው ወደድሁ።

መንገዳችን እንዲህ ነበር። ከባሕር ዳር ተነሥተን በመጀመሪያው ቀን ዘጌ ወረድን፤ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ተመለከትን። በማግስቱ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ተሳልመን ወደ ሰሜን ቀጠልን። ሦስተኛውን ቀን ጎርጎራ ላይ ደብረ ሲና ማርያምን ስናይ ዋልን። አራተኛውና የመጨረሻው ሙሉ ቀን ከጎርጎራ ተነሥተን፣ ዳጋ እስጢፋኖስን አይተን፣ ዘጌ ዳርቻ የምናድርበት ቀን ነበር። ለእኔ የጉዞው ቁንጮ ይህ ቀን ነበር፤ ዳጋ የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ደሴት ነውና።

ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ጀልባ ነጂው ወጣት ነው። «ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሣል ጋሼ፤ ማዕበሉ አይመችም፤ በጊዜ እንውጣ» ብሎን ነበር። ዳርቻውን ይዘን ጥቂት ወደ ምሥራቅ እንደ ሄድን ባለቤቴ ከሩቅ የተዘረጋ አረንጓዴ መስክ አይታ «እንዴት ያምራል! ደግሞ አበባው!» አለች።

ወጣቱ ሞተሩን ቀነስ አደረገ። «መስክ አይደለም፣ እትዬ» አላት ቀስ ብሎ። «ውሃ ነው። እምቦጭ ነው የሸፈነው።»

ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው ይህ አረም ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻዎች ተስፋፍቶ ዓሣ አጥማጁን ከዓሣው፣ ከብቱን ከመጠጫው የለየ ጠላት ነው። ሐምራዊ አበባው ግን ሲያዩት ደስ ይላል፤ ጠላትነቱ ከመልኩ አይነበብም። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እኔም ዝም አልሁ፤ የእኔ ዝምታ ግን ሌላ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን ለዳጋ ስላስቀመጥሁት አልገለጥሁትም።

ዳጋ የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው። ከውሃው መካከል ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ዛፍ የለበሰ ተራራ ነው። በገዳሙ ሥርዓት ሴት አትረግጠውምና ባለቤቴ አብረውን ከተሳፈሩት ሁለት ሴቶች ጋር ጀልባው ላይ ቀረች። ቅሬታ አልነበራትም። «ሂድ፤ ለእኔም ጭምር እይልኝ» ብላ ሸኘችኝ።

አቀበቱን ወጣሁ። አንድ አረጋዊ አባት የዕቃ ቤቱን በር ከፍተው የነገሥታቱን ሣጥኖች አሳዩን፤ ዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዐፄ ዘድንግል፣ ዐፄ ፋሲለደስ። የስንቱን ዘመን ገናና ስም በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ አንድ ላይ ማየት ያስፈራል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስም በስም ጻፍሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወረድሁ።

«ምን አየህ?» አለችኝ። አምስቱን ነገሥታት ቆጠርሁላት። በጥሞና ሰማችኝ። «እናንተስ እዚህ ስትቀመጡ አልሰለቻችሁም?» ብላት ፈገግ አለች።

ማገዶ ጭኖ በአጠገባቸው ያለፈ ባለ ታንኳ ቆሞ እንዳጫወታቸው ነገረችኝ። ታንኳው የሚታሠርበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ታንኳ በዋለበት አያድርም። ማታ ማታ ከውሃ አውጥተው ዳር ላይ ያደርቁታል፤ እንዲያም ሆኖ ዓመት አይደፍንም። «ድሮ ደንገሉን ከደጃችን እናጭድ ነበር፤ አሁን ሩቅ እንሄዳለን» ብሏቸዋል። ደግሞ ነጫጭ ፔሊካኖች በሰልፍ እየዋኙ አንገታቸውን ሁሉም እኩል ወደ ውሃው ሲደፉ አይታለች፤ «ሰግደው የሚነሡ ካህናት ይመስላሉ» አለች። የሐይቁም ቀለም ሦስት ጊዜ ተለወጠባት፤ መጀመሪያ ወተት የገባበት ሻይ፣ ደመና ሲያልፍበት እርሳስ፣ ንፋሱ ሲነሣ የገደል ማሚቶ ያህል የሚሸሽ ብር። እንዲህ ስትል ሰምቼ ከሁለታችን ገጣሚው ማን እንደ ሆነ ተጠራጠርሁ።

ማታ ዘጌ ዳርቻ፣ በባትሪ ብርሃን፣ ደብተሬን ገልጬ ሒሳቤን መዘጋት ጀመርሁ። የነገሥታት ስም፣ የዘመን ቁጥር፣ የሥዕል ርእስ፣ የገዳማት ታሪክ፤ አሥራ ሁለት ገጽ ሞልቷል። ስለ ውሃው ግን ያገኘሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ሐይቁ በጣም ሰፊ ነው» ይላል። አራት ቀን ሙሉ የተሸከመኝ፣ ያናወጠኝ፣ ያስተኛኝ ነገር በአራት ቃል ተዘግቷል። ጉድለቱ ይህ ነበር።

ምንጩን ስፈልግ ከራሴ አልፎ ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ አገኘሁት። እኛ ስለ ውሃ ስንጽፍ ስለሚሄደው ውሃ ነው። ዓባይ በተረታችን ሳይቀር ማደሪያ የለውም፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤ ልጁንም ውሃ ጠማው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተቀኝቶለታል፤ እጅጋየሁ ሽባባው አዚማለታለች። ከእነርሱ በታች ያለን ገጣሚ ነን ባዮች ሁሉ ቢያንስ አንድ የዓባይ ግጥም በመሳቢያችን አለን፤ እኔ ሦስት አሉኝ። ዓባይ የሚወጣበት፣ ቤቱን ጥሎ ያልሄደው ጣና ግን በግጥማችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የደሴቶቹ ምንጣፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። በጀልባ እናቋርጠዋለን እንጂ አናየውም። የጉዞ ጽሑፎቻችንም ከአንዱ መቅደስ ወደ ሌላው ሲዘሉ በመካከሉ ያለውን ውሃ «ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ» በሚል ሐረግ ያልፉታል። በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ስሙን ለሐይቁና ለወንዙ ሰጥቶ፣ ዳርቻውንና ደሴቶቹን ዞሮ ጽፏል። ለእርሱ ጣና እንግዳ ስለ ነበረ አየው፤ ለእኛ የቤታችን ውሃ ስለ ሆነ ሳናየው ቀረን።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ ግን ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። እኔ የምሠራበት ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በመካከሉ ቢቆም ጣራው ከውሃው በላይ ይቀራል። ስፋቱን አይተን የማያልቅ ይመስለናል፤ እርሱ ግን ስስ ነው፤ ከየማሳው ታጥቦ የሚገባው ደለል ይጎዳዋል፣ አረሙም ይጎዳዋል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። መዝገብ መልካም ነው፤ ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው መዝገብን አይንቅም። ነገር ግን ሕዝብ በልቡ ያልሣለውን ነገር በመዝገብ ብቻ አይጠብቀውም፤ ልብ ላይ የመሣሉ ሥራ ደግሞ የጸሐፊ ነው።

«ታዲያ ታሪኩን እንተወው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አልልም። ይልቅስ ታሪኩን በቅጡ ብናነበው ውሃውንና ዛፉን ይመልስልናል። በዘጌ በጻድቁ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሬቱ እንዳይታረስ፣ ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር ተብሎ የተያዘው ሥርዓት ያን ጫካ እስከ ዘመናችን አድርሶታል። ያ ሥርዓት ከሥዕሎቹ የማያንስ ቅርስ ነው። የጥንት አባቶች ውሃውንና ዛፉን አይተው ነው ደሴቶቹን የመረጡት፤ እኛ ግን ሕንፃቸውን ስናደንቅ እነርሱ ያዩትን ማየት ተውን።

እኔ የምለው አጭር ነው። «ጣናን እንታደግ» የሚሉ ግጥሞች በዝተዋል፤ ብዙዎቹ መፈክሮች ናቸው። ከመታደግ በፊት ማየት አለ። ደንገል እንዴት እንደሚታሠር፣ ንፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ የረፋዱ ውሃ ከማታው በምን እንደሚለይ የሚነግረን አንድ ስንኝ ከአሥር መፈክር ይበልጥብኛል። እኔም ከጉዞዬ ሁሉ የሚቆጨኝ፣ ለማየት የመጨረሻዋን ቀን መጠበቄና ያችንም ቀን ከቀትር በኋላ መንቃቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ አልተመለስንም። «በሚቀጥለው ጥር» ስንል ዓመታት አለፉ፤ በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ ስለ መዝናኛ ጀልባ ማሰብ ያሳፍር ጀመር። የዚያ ባለ ታንኳ፣ የዚያ ወጣት ጀልባ ነጂ ነገር ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ያችን ቀን የጉዞው የመጨረሻ ሙሉ ቀን ብቻ አድርጌ ነበር የቆጠርኋት። ለካ እስከ ዛሬ ድረስ ጣናን የማይበት የመጨረሻዬ ቀን ኖሯል።

በዚያች ሌሊት ደብተሬ ላይ የጫርኋቸው አራት መስመሮች እነሆ፤

ዓባይን ስንከሰው፣ ሄደ ጥሎን ብለን፣
ጣናን ከጓዳችን መች አየነው ዞረን፤
ለሄደው ለወንዙ ሺህ ግጥም ደርድረን፣
ላልሄደው ለሐይቁ አንድ ስንኝ አነሰን።

ለባለቤቴ አነበብሁላት። «ጥሩ ነው» አለች፤ ጥቂት አሰብ አድርጋ ደግሞ፣ «ግን እዚህም ውስጥ ውሃው የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሒሳቡ ገና አልተዘጋም።